ሰንቡላ ምን ማለት ነው? የኅብረ ከዋክብትን ስም እስከ ሥሩ ለመከተል የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

«ኮከብህ ምንድን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ሰንቡላ» ብሎ ቢመልስ፣ ጠያቂው ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ጨዋታ ይሻገራል እንጂ «ለመሆኑ ሰንቡላ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚመለስ እምብዛም አያጋጥምም። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት የሚሉትን ዐሥራ ሁለት ስሞች ከዐውደ ነገሥት ወይም ከአዋቂ አፍ ሰምተን ለምደናቸዋል። ከሚዛንና ከሸርጣን በቀር ግን አብዛኞቹን ገበያ ወርደን ወይም እርሻ ውለን አንናገርባቸውም። እነዚህ ስሞች በእኛ ቋንቋ ከመግባታቸው በፊት ረጅም መንገድ ተጉዘዋል፤ መንገዱንም ወደ ኋላ መከተል ይቻላል። የዚህ መመሪያ ዓላማ አንድን የኅብረ ከዋክብት ስም ይዞ በመጀመሪያ የሰየሙት ሰዎች ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ የሚኬድበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ማሳየት ነው። ዕድል መናገር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

ለሥራው የሚያስፈልገው ነገር ትንሽ ነው፤ አንድ ማስታወሻ ደብተር፣ የዐረብኛና የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ እንዲሁም በኮምፒውተር ወይም በስልክ በነጻ የሚገኘው ስቴላሪየም የተባለው የሰማይ ማሳያ ፕሮግራም ይበቃሉ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ልማድ መተው ያስፈልጋል፤ ይኸውም ከሥዕሉ መጀመር ነው። ብዙ ሰው የኮከቦቹን ካርታ አይቶ «ይህ በምኑ በግ ይመስላል?» በማለት ይጀምራል፤ መልስ ሲያጣም ጥንታውያኑ የበረታ ምናብ ነበራቸው ብሎ ነገሩን ይዘጋል። እኔ እስከማየው ድረስ አብዛኞቹ የጥንት ስሞች ከቅርጽ አልተወለዱም። የተወለዱት ከሥራና ከወቅት ነው፤ ያደጉትም በጸሐፊና በተርጓሚ እጅ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ለጊዜው ወደ ጎን ትተው ቃሉን ይያዙ።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ስሙ በእርግጥ ጥንታዊ መሆኑን ያረጋግጡ

ዛሬ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ዘንድ የታወቁት ኅብረ ከዋክብት 88 ናቸው። ዝርዝሩ በ1922 የጸደቀ ሲሆን፣ የእያንዳንዳቸው ወሰን ደግሞ በቤልጅየማዊው ኤውጄን ዴልፖርት ተሠርቶ በ1930 ታትሟል። ከእነዚህ ውስጥ የጥንቱን ከዘመናዊው ለመለየት ዋነኛው ማመሳከሪያ የሰማይ ተመራማሪው ክላውዴዎስ በጥሊሞስ በ150 ዓ.ም. ገደማ በእስክንድርያ ያዘጋጀው፣ በኋላ ዐረቦች «አልማጅስጢ» ብለው የጠሩት መጽሐፍ ነው። በጥሊሞስ 48 ኅብረ ከዋክብትን መዝግቧል፤ 21 በሰሜን፣ 12 በፀሐይ መንገድ ላይ፣ 15 ደግሞ በደቡብ። ከእነዚህ መካከል «አርጎ» የተባለችው ግዙፍ መርከብ ኋላ ለሦስት ስለተከፈለች፣ የጥንቱ ርስት በዛሬው ዝርዝር ውስጥ 50 ሆኖ ይቆጠራል፤ የቀሩት 38 ከእርሱ በኋላ የገቡ ናቸው።

የኋለኞቹን ለመለየት ብዙ አያደክምም። ስሙ ቴሌስኮፕ፣ ማይክሮስኮፕ ወይም የአየር ፓምፕ ከሆነ፣ በ1751 እና በ1752 በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የደቡቡን ሰማይ የመዘገበው ፈረንሳዊ ካህን ኒኮላ ሉዊ ደ ላካይ የሰየመው ነው። ጣዎስ፣ ቱካን፣ እስስት ወይም የገነት ወፍ ከሆነ፣ በ1595 ወደ ምሥራቅ ሕንድ ደሴቶች የተጓዙት የሆላንድ መርከበኞች ያመጡት ነው። እንዲህ ያለ ስም ላይ ከዚህ በላይ መድከም አያስፈልግም፤ የሰየመው ሰውም፣ ዘመኑም ይታወቃልና።

ሁለት ስሞች ግን በዚህ ወንፊት ሲያልፉ ያታልላሉ። የመጀመሪያው የደቡብ መስቀል ነው። ስሙ አዲስ ቢሆንም ኮከቦቹን በጥሊሞስ አይቷቸዋል፤ የቆጠራቸው ግን ከፊል ሰው ከፊል ፈረስ በሆነው በኬንታውሮስ አካል ውስጥ ነው። ሁለተኛው «የበረኒቄ ጸጉር» ነው። በኅብረ ከዋክብትነት የታወቀው በ16ኛው መቶ ዓመት ቢሆንም፣ ስሙ የተሰጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ245 ገደማ ነው። የግብጽ ንጉሥ ሣልሳዊ በጥሊሞስ ወደ ሶርያ ሲዘምት ንግሥት በረኒቄ በሰላም ከተመለሰ ጸጉሯን ለአማልክት እንደምትሰጥ ተሳለች፤ ተቆርጦ በቤተ መቅደስ የተቀመጠው ጸጉርም ጠፋ በተባለ ጊዜ የቤተ መንግሥቱ የሰማይ ተመራማሪ የሳሞሱ ኮኖን በአሰድ ጅራት አጠገብ ያሉትን ደብዛዛ ኮከቦች አሳይቶ «ያውልሽ፣ ወደ ሰማይ ወጥቷል» አለ ይባላል። ከጥንት ስሞች መካከል ሰያሚው፣ ዘመኑና ምክንያቱ በአንድነት የታወቁለት ስም ከዚህ ሌላ ማግኘት ይቸግራል። ጉዳዩ የቤተ መንግሥት ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን ስሙ እስካሁን አለ።

ደረጃ 2፦ ቃሉን ወደ መጣበት ቋንቋ ይመልሱ

አሁን በእጅዎ ያለውን ስም በደብተሩ ገጽ ራስ ላይ ይጻፉና የየትኛው ቋንቋ ቃል እንደሆነ ይለዩ። የእኛዎቹ ዐሥራ ሁለቱ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ሐመል የበግ ጠቦት ነው፤ ሠውር በሬ ሲሆን ከግእዙ «ሶር» ጋር ይዛመዳል፤ አሰድ አንበሳ፣ አቅራብ ጊንጥ፣ ሑት ዓሣ፣ ጀዲ ግልገል ፍየል ነው። ቀውስ ማለት ቀስት ነው፤ ቃላቱ ዘመዳሞች መሆናቸውን ጆሮ ራሱ ይመሰክራል። ደለዊ ከጉድጓድ ውኃ የሚቀዳበት ባልዲ ነው። ሰንቡላ ደግሞ የእህል ዛላ ነው። በቁርኣን ውስጥ የዮሴፍን ታሪክ በዐረብኛ ያነበበ ሰው ቃሉን ያውቀዋል፤ ንጉሡ በሕልሙ ያያቸው ሰባቱ ለምለም ዛላዎች የተጠሩት በዚሁ ቃል ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለው እያንዳንዱን ስም ሌላው ዓለም ከሚጠራው ጋር ያነጻጽሩ። በግሪክና በላቲን ሰንቡላ «ድንግል» ናት፤ ቀውስ «ቀስተኛ» ነው፤ ደለዊ «ውኃ ቀጂ» ነው። እነርሱ ሰውን ሲጠሩ የእኛ ስሞች ሰውዬው የያዘውን ዕቃ ይጠራሉ። ይህን የመሰለ ልዩነት ባዩ ቁጥር ከሥሩ ያስምሩበት፤ መንገዱ የሚከፈተው በስምምነቱ በኩል ሳይሆን በልዩነቱ በኩል ነው።

ከዐሥራ ሁለቱ ሁሉ አስቸጋሪው ገውዝ ነው። የዐረብኛው «ጀውዛእ» «መካከል» ከሚል ሥር የመጣ ሲሆን፣ በጥንቱ የዐረብ በረኸኛ ዘንድ የሚጠራው ዛሬ መንትዮች የምንላቸውን አልነበረም፤ ወገቡ ላይ ሦስት ኮከብ የታጠቀውን ኦሪዮንን ነበር። የግሪክ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ሲተረጐሙ ስሙ በጎረቤቱ በመንትዮቹ ላይ ተለጠፈ። የቀድሞው ባለቤት ግን ምልክቱን አልተወም፤ በኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለው ቀላ ያለ ብሩህ ኮከብ በዐረብኛ «ያድ አል-ጀውዛእ» ማለትም «የጀውዛእ እጅ» ይባል ነበር። በዐረብኛ ጽሕፈት «ያ» ከሥሯ ሁለት ነጥብ፣ «ባ» ደግሞ አንድ ነጥብ አላቸው። በመካከለኛው ዘመን አንዱ ገልባጭ ወይም ተርጓሚ ሁለቱን ነጥብ እንደ አንድ ስላነበበ «ያድ» የነበረው በ«ባ» ጀመረ፤ ከዚያ የተወለደው «ቤተልጂውስ» የሚለው ስም ዛሬ በዓለም ካርታዎች ሁሉ ላይ አለ። የአንዲት ነጥብ ጉድለት የኮከብ ስም ሆና ቀረች።

በዚህ ደረጃ ላይ ትርጉምን በጣም ይጠንቀቁ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ኦሪዮን» የሚለውን የሚያነብ ሰው ኢዮብ የግሪኩን አዳኝ የጠራ ሊመስለው ይችላል። የዕብራይስጡ ኢዮብ 9፥9 ግን «ዓሽ፣ ከሲል፣ ኪማ» ይላል፤ የግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት ደግሞ በዚያው ቦታ ከራሳቸው ሰማይ የሚያውቋቸውን ስሞች አስገቡ። ተርጓሚ ስም ሲያጣ የአገሩን ስም ይሰጣል። ስለዚህ በትርጉም ያገኙትን ስም እንደ ምንጭ አይቁጠሩ።

ደረጃ 3፦ በውስጡ ያሉትን የነጠላ ኮከቦች ስም ይጠይቁ

የኅብረ ከዋክብቱ ስም ሲለወጥ የነጠላ ኮከቦቹ ስም ብዙውን ጊዜ የቀድሞውን ይዞ ይቀራል። ቤት ተሸጦ ስሙ ቢለወጥም የሰፈር ሰው «የእገሌ ቤት» ማለቱን እንደማይተው ያለ ነው። ከ964 ገደማ ጀምሮ ለዚህ ሥራ ትልቁ መዝገብ በኢስፋሃን የነበረው የዐብዱራሕማን አስ-ሱፊ የቋሚ ኮከቦች መጽሐፍ ነው። አስ-ሱፊ ለእያንዳንዱ ኅብረ ከዋክብት ሁለት ሁለት ሥዕል ሠርቷል፤ አንዱ ከምድር ሲታይ፣ ሌላው በሉል ላይ ሲሣል። ከዚያም በላይ የበጥሊሞስን ትምህርትና የዐረብ በረኸኞችን የቃል ስም ጎን ለጎን አስቀምጧል።

በምሳሌ እንየው። በሚዛን ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብሩህ ኮከቦች ዛሬም በዐረብኛ ስማቸው «የደቡብ ጥፍር» እና «የሰሜን ጥፍር» ይባላሉ። ሚዛን ግን ጥፍር የለውም፤ ጥፍሩ የማነው? የጎረቤቱ የአቅራብ ነው። በጥሊሞስ በኮከብ ዝርዝሩ ውስጥ ያንን ቦታ «ጥፍሮች» ይለዋል እንጂ ሚዛን አይለውም። ስለዚህ በግሪኮች ዘንድ ጊንጡ ሁለት ክፍል ሰማይ ይዞ ነበር ማለት ነው። ሚዛኑ ከየት መጣ የሚለውን የሚመልሰው ቀጣዩ ደረጃ ነው።

ደረጃ 4፦ ከግሪክ ወደ ሸክላ ጽላት ይውረዱ

ግሪኮች በፀሐይ መንገድ ላይ ያሉትን ስሞች አልፈጠሯቸውም፤ በአብዛኛው የተቀበሏቸው ከሜሶጶጣምያ ነው። የዚህ ደረጃ ቁልፍ ሰነድ «ሙል-አፒን» ይባላል። ርእሱ የተወሰደው ከመጀመሪያዎቹ ቃላቱ ሲሆን «የማረሻው ኮከብ» ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1000 ገደማ እንደተጠናቀረ ይታሰባል፤ የእጅ ቅጂዎቹ ግን ከ7ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተገኙ ናቸው። ሁለት የሸክላ ጽላት ሲሆን፣ ኮከቦችን በሦስት «መንገዶች» ከፍሎ ለአማልክቱ ለኤንሊል፣ ለአኑና ለኤአ ይሰጣቸዋል፤ መቼ እንደሚወጡና እንደሚጠልቁ ይናገራል፤ በጨረቃ መንገድ ላይ የሚገኙትንም ይዘረዝራል። የጨረቃ መንገድ ኮከቦች ያኔ ዐሥራ ሁለት ብቻ አልነበሩም፣ ከዚያ ይበልጡ ነበር። ዐሥራ ሁለት እኩል ክፍል፣ እያንዳንዱ 30 ዲግሪ፣ የሚለው ሥርዓት የመጣው በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፤ ይኸውም ከዓመቱ ዐሥራ ሁለት ወራት ጋር ለማጣጣም ነው። ስሙ ወደ ሒሳብ መለኪያነት ሲለወጥ በመካከል የነበሩት ተጥለዋል።

አሁን በደብተርዎ ያሰመሩባቸውን ይዘው ወደ ዝርዝሩ ይግቡ። ሚዛኑ እዚያ አለ፤ «ዚባኒቱ» ይባላል፣ ትርጉሙም ሚዛን ነው። ጽላቱ ግን ወዲያው አስከትሎ «የጊንጡ ቀንድ» ይለዋል። ስለዚህ ሁለቱም ስሞች፣ ሚዛኑም የጊንጡ አካልነትም፣ ከባቢሎን ይጀምራሉ፤ ግሪኮች አንዱን፣ ሌሎች ደግሞ ሌላውን ወረሱ። ጀዲ በጽላቱ ላይ «የፍየል ዓሣ» ነው፤ ከላይ ፍየል ከታች ዓሣ የሆነ፣ የጥልቁ ውኃ አምላክ የኤአ እንስሳ። ሠውር «የሰማይ በሬ» ነው፣ አሰድም አንበሳ። ሑት ግን ዓሣ ሳይሆን «ጭራዎች» ተብሎ ተጽፏል።

ሐመል በጣም ያስገርማል። በጽላቱ ላይ በግ የለም፤ ያለው «ቅጥረኛው ሰው» ነው፣ በቀን ሥራ የተቀጠረ የእርሻ ሠራተኛ። የሜሶጶጣምያ ገብስ የሚታጨደው በፀደይ ነውና በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ቅጥረኛ መፈለጉ አይደንቅም። እንዴት በግ ሆነ ለሚለው ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ከጽሕፈት የተነሣ ነው፤ በሱመርኛ «ሰው» የሚለው ምልክት «ሉ» ተብሎ ይነበባል፣ በግን የሚያመለክተው ሌላ ምልክትም «ሉ» የሚል ንባብ አለው። ጸሐፊዎች ረጅሙን ስም በአጭሩ «ሉ» ብለው ሲጽፉ ሰውዬው በግ ሆነ። በዚያ ላይ ጽላቱ ቅጥረኛውን እረኛ ከሆነው አምላክ ከዱሙዚ ጋር ያያይዘዋልና በጉ ሩቅ አልነበረም። ሁለቱን ምክንያቶች አንድ ላይ መያዝ ይሻላል።

ሰንቡላስ? እዚህ ላይ ደስ የሚለው ነገር ይመጣል። ሙል-አፒን ያንን ቦታ «ትልሙ» ይለዋል፣ በሬ ያረሰው ትልም፤ ቀጥሎም «ሻላ፣ የእህል ዛላ» ብሎ ይገልጸዋል። ሻላ የእህል እመቤት ነበረች። ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ ከታላቁ እስክንድር በኋላ ባቢሎንን በገዙት በሴሌውቅያውያን ጊዜ፣ በኡሩክ ጽላት ላይ ዛላ የያዘች ሴት ተሥላ እናያለን። ግሪኮች ሴቲቱን ወስደው ድንግል አሏት፤ ዛላውን በእጇ ላይ ለሚያበራው ለአንዱ ኮከብ ብቻ ተዉለት፤ የላቲኑ «ስፒካ» ትርጉምም ዛላ ነው። ዐረቦች ግን የክፍሉን ሁሉ ስም ዛላ ብለው ጠሩት፤ በእነርሱ በኩል ወደ እኛ መጣ። ሰንቡላ የሚለው አማርኛ ባቢሎናውያን ከጻፉት ከእህሉ ጋር ያለውን ዝምድና ከላቲኑ ስም ይልቅ ጠብቆታል።

ደረጃ 5፦ ወቅቱን ያስሉ

ጥንታውያን ኮከብን ከሁሉ በላይ የሚጠብቁት በንጋት ነበር። አንድ ኮከብ ከፀሐይ ጋር በአንድ አቅጣጫ ሲውል ለሳምንታት ይሰወራል፤ ከዚያ በአንድ ንጋት ላይ ፀሐይ ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ በምሥራቅ ጫፍ ብልጭ ይላል። ያ ቀን በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት ስለሚመጣ የገበሬው ቀን መቁጠሪያ ነው። ግሪካዊው ሄሲዮድ ሰባቱ ከዋክብት (በሠውር ውስጥ ያሉት ጥቅል ኮከቦች፣ ፕሌያዲስ) ለአርባ ሌሊትና ቀን እንደሚሰወሩ፣ ሲወጡ አጨዳ፣ ሲጠልቁ እርሻ እንደሚጀመር ይመክራል። ግብጻውያን «ሶፕዴት» የሚሉት ደማቅ ኮከብ ለ70 ቀን ያህል ተሰውሮ በበጋቸው መካከል ሲመለስ የዓባይ ሙላት ይደርስ ነበር፤ ያ ሙላት በአብዛኛው በእኛ ደጋ የዘነበው የክረምት ዝናብ ነው። በኮከቡና በዝናቡ መካከል የምክንያት ግንኙነት ባይኖርም፣ ለመቁጠር ግን ይበቃል።

የእርስዎን ስም በዚህ መንገድ ለመፈተን ስቴላሪየምን ይክፈቱ። ቦታውን በባቢሎን፣ 32.5 ዲግሪ ሰሜንና 44.4 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያድርጉ። ዓመቱን ሲያስገቡ ይጠንቀቁ፤ ፕሮግራሙ ዜሮ ዓመት ስለሚቆጥር ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ማለት በእርሱ ዘንድ −999 ነው። ለጥንት ዘመን የሚጠቀመው የዩልዮስን አቆጣጠር ስለሆነ ቀኖቹ ከዛሬው አቆጣጠር ወደ 9 ቀን ገደማ ይለያያሉ፤ ይህን ሳይቀንሱ ወቅቱን አይወስኑ። ሥዕሎቹንና መስመሮቹን ያጥፉ። ሰዓቱን ፀሐይ ከመውጣቷ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ላይ አድርገው ቀኑን አንድ በአንድ ያሳልፉ፤ ኮከቡ ከአድማስ በላይ የሚታይበትን የመጀመሪያ ንጋት በደብተር ይመዝግቡ።

ስፒካን በዚህ መልክ የሞከረ ሰው ከመስከረም ወር ጋር ይገጣጠማል። የሜሶጶጣምያ ገበሬ መሬቱን ለመኸር ዘር የሚያዘጋጅበት ጊዜ የቀረበው ያኔ ነው። «ትልም» የተባለችው ኮከብ በንጋት ስትመለስ በሬዎች ይጠመዱ ነበር ብሎ ማሰብ ታዲያ ምንም ምናብ አይጠይቅም። ያንኑ ሙከራ ለዛሬ ዓመት ቢደግሙት ግን ከ6 ሳምንት ያህል ዘግይቶ ያገኙታል። ምክንያቱ የምድር ዘንግ ቀስ ብሎ በመዞሩ የኮከቦች ቦታ ከወቅቶች አንጻር በየ72 ዓመቱ በአንድ ዲግሪ ያህል መሸሹ ነው፤ ሙሉ ዙሩን ለመጨረስ 26,000 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ የጥንትን ስም በዛሬ ወቅት መመዘን ስህተት ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 6፦ ያንኑ የሰማይ ክፍል ከሌላ ሕዝብ ጋር ያነጻጽሩ

በሰሜን ያሉትን ሰባቱን ብሩህ ኮከቦች ይውሰዱ። ግሪኮች ድብ ብለዋቸዋል፤ ሆሜር ግን «ሠረገላ ብለውም ይጠሯታል» ሲል ጨምሯል፤ ባቢሎናውያንም ሠረገላ ነው ያሏቸው። ለግብጻውያን የበሬ የፊት እግር ነበሩ፤ በደንደራ ቤተ መቅደስ ጣሪያ ላይ ተቀርጾ አሁን በፓሪስ ሉቭር በሚገኘው የሰማይ ሥዕል ላይ ይኸው እግር ከባቢሎን በመጡት ዐሥራ ሁለቱ መካከል ቆሞ ይታያል። ለቻይናውያን «የሰሜን ጭልፋ» ናቸው። ለዐረቦች ደግሞ «በናት ነዕሽ»፣ አራቱ ቃሬዛ ሲሆኑ ሦስቱ አስከሬኑን ተከትለው የሚሄዱ ልጆች ናቸው። የሠረገላው መመሳሰል የመቀባበል ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ጭልፋውና ቃሬዛው ግን ለየብቻቸው የተወለዱ ናቸው። አንድ ዓይነት ስም ባዩ ቁጥር «ማን ከማን ወሰደ?» ከማለትዎ በፊት ሁለቱ ሕዝቦች የተገናኙበት መንገድና ዘመን እንዳለ ይጠይቁ።

የቻይና ሰማይ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። በ433 ከክርስቶስ ልደት በፊት በተቀበረው በዘንግ መስፍን መቃብር ውስጥ በተገኘ ሣጥን ክዳን ላይ የጨረቃ 28 ማደሪያዎች ስም ተጽፏል። ኋላም ሰማዩ የመንግሥት አምሳያ ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዋልታው አጠገብ፣ ሚኒስትሮች በዙሪያው፣ ገበያ፣ እስር ቤት፣ መጸዳጃ ቤት ሳይቀር በኮከብ ተሰየመ። ግሪኮች ጀግና ባዩበት ቦታ ቻይናውያን ቢሮ አይተዋል።

በአገራችን የቦረና አያንቱዎች ጨረቃን ከሰባቱ ከዋክብት (ከፕሌያዲስ)፣ ከኦሪዮንና ከሌሎች ጥቂት ኮከቦች ጋር እያገናኙ ወራትን ይቆጥራሉ፤ አስመሮም ለገሠ በ1973 ባሳተመው ጥናት ይህን መዝግቦታል። መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ከምዕራፍ 72 ጀምሮ ሰማይን የሚከፍለው በኅብረ ከዋክብት አይደለም፤ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት ደጆች አድርጎ ፀሐይን በእነዚያ ያስወጣታል፣ ያስገባታል። ዓመትን ለመቁጠር ኮከብን በእንስሳ መሰየም ግዴታ እንዳልነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ ተረቱን መጨረሻ ላይ ያንብቡ

በስም ዙሪያ ያለው ተረት አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ በኋላ የተሠራ ነው። ቅድም ያየነው በግ ጸሐፊዎች በፈጠሩት አቋራጭ ወደ ግሪክ ሲደርስ የወርቅ ጸጉር ያለው በግ ታሪክ ተለጠፈበት። ታሪኩ ያማረ ነው፤ የስሙ ምንጭ ግን አይደለም።

ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከተው የካሲዮፔያ፣ የባሏ የሴፊየስና የልጃቸው የአንድሮሜዳ ተረት ነው። ግሪኮች «የኢትዮጵያ ንጉሥና ንግሥት» ይሏቸዋል፤ ይህን ይዞ «ኅብረ ከዋክብቱ የአክሱም ናቸው» ማለት ግን አያስኬድም። በግሪኮች አፍ «አይቲዮፒያ» ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር፣ አንዳንዴም የዓለምን ጠርዝ ሁሉ የሚጠቀልል ቃል ነበር፤ አንዳንድ ጥንታውያን ደራሲዎች ደግሞ አንድሮሜዳ የታሰረችበትን ዐለት በፍልስጥኤም ዳርቻ በኢዮጴ ያደርጉታል። ስሙ የሚነግረን ግሪኮች ስለ ደቡብ ያስቡት የነበረውን ነው፤ ደቡቦቹ ስለ ሰማይ ያሉትን አይደለም።

ደረጃ 8፦ ወጥተው ይዩት

በወረቀት የተከተሉትን ስም በሰማይ ላይ ማግኘት የመጨረሻው ሥራ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ለዚህ የታደለች ናት፤ ጥንታውያኑ ያዩትንም፣ ከባቢሎን ሆነው በደንብ ሊያዩት ያልቻሉትን ደቡብም ታሳያለች። ሰማዩ የጠራበትን ሌሊት መርጠው በግንቦት አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ይውጡ፤ የመንገድ መብራት ከማይደርስበት ቦታ ቆመው ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ይታገሡ። ደብተርዎን ለማንበብ ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ይሸፍኑት፤ ነጭ ብርሃን የለመደውን ዓይን መልሶ ያጠፋዋል።

ፊትዎን ወደ ሰሜን ቢያዞሩ ሰባቱን የድቡን ኮከቦች ተገልብጠው ያገኟቸዋል፤ ጀርባዎን ቢሰጧቸው የደቡብ መስቀልን ዝቅ ብሎ ቆሞ ያዩታል። አሁን ወደ ሰሜን ይመለሱና ሦስቱ የጭራ ኮከቦች የሠሩትን ቅስት ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ አናትዎ ይከተሉ። በመጀመሪያ ብርቱካናማ የሆነው አርክቱሩስ ይገጥምዎታል። ቅስቱን ሳይለቁ እንደገና ያን ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወርዱ፣ በከፍታ ብቻዋን የምታበራ፣ ነጭ ሆና ወደ ሰማያዊ የምታደላ ኮከብ አለች። በዙሪያዋ ያሉት ደብዛዛ ስለሆኑ ሴቲቱን ለመሣል ቢታገሉ አይሳካልዎትም። ዛላው ግን እርሷው ናት።